ስድስት ወንበርና አንድ ሰው

«ለጨፌ በር ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! በጦርነቱ ወቅት በጣቢያችን አመራርና አባላት ከፍተኛ ቆራጥነት ተጭነው እስከ ደብረ ብርሃን የዘለቁት ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድም እግር ሳይጎድልባቸው በሰላም ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ከስድስቱ አንዱ፣ ማለትም ሰማያዊው፣ ከዛሬ ጀምሮ የተጎጂዎች ወንበር ተብሎ የተሰየመ በመሆኑ ማንኛውም የፖሊስ አባል ለአፍታም ቢሆን እንዳይቀመጥበት በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማስታወቂያው ሁለት ማኅተም ተመትቶበት በሩ ላይ ተለጠፈ። አንዱ ማኅተም ቢደበዝዝ ሌላው እንዲነበብ መሆኑ ነው።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ሰዓድ ከግንቦት ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ደሴ ላይ «ሥነ ምግባር፣ አመራርና የተጎጂዎች አቀባበል» የተባለ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ካርቶን አረንጓዴ እስክሪብቶና «ተጎጂ ተኮር» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ኮፍያው በሳምንቱ ጠፋ። ቃሉ ግን አልጠፋም። ሻይ ሲዘገይበት እንኳ «ተጎጂ ተኮር አይደላችሁም» ይላል።

መርማሪው ኢንስፔክተር ሙሐዲን ማስታወቂያውን አንብቦ ሳቀ። ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ጣቢያው ሲለቀቅ እነዚያን ወንበሮች አንድ በአንድ መኪና ላይ የጫነው እሱ ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ያ ቀን በተነሳ ቁጥር ቀኝ ጆሮው ውስጥ የሆነ ሰው «እኔስ?» ይላል።

ድምፁ የሰው ነው። ሲላጭ ይመጣል፣ ሱጁድ ላይ ግንባሩ ምንጣፍ ሲነካ ይመጣል፣ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ውጫሌ! ውጫሌ!» ሲል በመሃል ይገባል። የዚያን ቀን አስፋልቱ በሸሺ ሕዝብ ተሞልቶ፣ የጣቢያውን መኪና ያየ ሁሉ «እኔስ? እኔንስ ለማን ትታችሁ?» ይል ስለነበር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው የአንዱ ድምፅ ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። ሐኪም ቤት ሄዶም ነበር። የጆሮ ሐኪሙ በመብራት አይቶ «ጤነኛ ጆሮ ነው» አለው። ሙሐዲን ይህን ሲሰማ ከመደሰት ይልቅ ፈራ።

በሰማያዊው ወንበር እንድትቀመጥ የተጋበዘች የመጀመሪያዋ ተጎጂ ሀጀራ ነበረች። ባሏ ሀሚዱ ከሪያድ ተመልሶ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነበር። ጣቢያው በተለቀቀበት ሳምንት ሰኞ ታስሮ፣ ማክሰኞ በዋስ ተለቀቀ ተብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ፖሊስ ከተመለሰበት ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ሳትቀር ትመጣለች።

«ተቀመጪ» አላት ሙሐዲን።

«አልቀመጥም።»

«ላንቺ የተዘጋጀ ነው እኮ። ማስታወቂያ ወጥቶለታል።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ መቼ ወንበር ጠየቅኳችሁ? ቀን ነው የጠየቅኩት። ሞቶ እንደሁ የሞተበትን ቀን ንገሩኝ። ዒዳ አለብኝ። አራት ወር ካሥር ቀን ለባሌ ሐዘን የምገባው ከየትኛው ቀን ጀምሬ ነው? ጠብቂ ካላችሁኝ እጠብቃለሁ፤ አልቅሺ ካላችሁኝ አለቅሳለሁ። ወላሂ፣ መሃል ላይ አንጠልጥላችሁ አቆያችሁኝ።»

ሙሐዲን «በጦርነቱ የጠፉ» የሚለውን ፋይል ገለጥ አድርጎ ዘጋው። ሀጀራ የፋይሉን አከፋፈትና አዘጋግ በቃሏ ታውቀዋለች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት።

«እናንተም አብሽሩ» አለችና ወጣች።

*

ሐምሌ ሲገባ ኮማንደሩ ከጣቢያው ጓሮ «የተጎጂዎች የአትክልት ሥፍራ» እንዲቋቋም አዘዘ። አባላቱ አሥር አሥር ጉድጓድ ተመደበላቸው። ሳጅን የሺሀረግ ስድስተኛውን ስትቆፍር ዶማዋን ጣለች።

«ኢንስፔክተር፣ ና እስኪ። ቀስ ብለህ ና።»

ሙሐዲን ጠርዙ ላይ ተንበረከከ። ጥልቀት የሌለው መቃብር ነው። ውስጡ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ሰው አለ። ጨርቁ አፈር በልቶታል፤ ራሱ ላይ የታሰረው አበባ ያለበት የሴት ሻሽ ግን ትናንት የተገዛ ይመስላል። አስከሬኑ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ። የከፈኑ ማሰሪያ በራስጌም በግርጌም ተፈቷል። ከወደ ታች ሐይቁ በሐምሌ ደመና ሥር ግራጫ ሆኖ ይታያል።

«ሴት ናት መሰለኝ» አለች የሺሀረግ።

ኮማንደር ሰዓድ ከቢሮው ሳይወጣ በመስኮት ጮኸ። «የጦርነት ጉዳይ ነው! ታጣቂዎቹ ናቸው! ጻፉት!»

«ገና አላዩትም እኮ፣ ኮማንደር» አለ ሙሐዲን።

«ባላየውም የጦርነት ጉዳይ ነው።»

ሙሐዲን ማሰሪያውን ደግሞ አየው። ገድሎ የሚጥል ሰው የከፈን ቋጠሮ ፈትቶ አይጥልም። ይህን ሰው የቀበረው እጅ ቸኩሏል፣ ግን አክብሮታል።

ከሐይቅ ከተማ የመጣችው ሐኪም ፈዲላ ከሰዓት በኋላ አጥንቱን አይታ ጨረሰች።

«ወንድ ነው» አለች።

«በሻሽ?»

«ሻሹን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው ዳሌውን ነው፤ ወንድ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ግድም። ግራ ክንዱ ውስጥ በስድስት ብሎን የታሰረ ብረት አለ። የጥይት ምልክት የለበትም፤ የስለትም አላገኘሁም። ቀኝ እጁ ግን...» የራሷን ጡጫ ጨብጣ አሳየችው። «እነዚህ አንጓዎች ተሰብረዋል። አንድ ጊዜ በመምታት እንዲህ አይሆንም። ደጋግሞ፣ በጣም ጠንካራ ነገር መትቷል።»

ሀጀራ ብረቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አየችው። አልጮኸችም።

«ሪያድ ፎቅ ሲሠራ ወድቆ ነው» አለች። «ብርድ ሲሆን ያመው ነበር። ቀኑስ?»

«ገና ነው።»

«ወንበራችሁን አንሱልኝ» አለች፤ ሰማያዊው ወንበር ከኋላዋ ቀርቦ ነበር።

*

የመጀመሪያውን ተጠርጣሪ ያስጠረጠረው ጥርሱ ነው። ኑርዬ የሀሚዱ የባጃጅ ሸሪክ ሲሆን፣ ሀሚዱን ያሳሰረውም እሱ ነው። ሙሐዲን ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ቦታ አገኘው።

«ገዳይ ብለህ ከሆነ የመጣኸው፣ መጀመሪያ ጥርሴን አምጣ» አለ ኑርዬ። የፊት ጥርሱ ቦታ ባዶ ነው፤ ሲናገር ያፏጫል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በቴፕ። እሱ መንዙማ ካልሆነ አይነዳም፤ እኔ አምባሰል ካልሰማሁ ዓይኔ መንገድ አያይም። ባጃጁ አንድ፣ ቴፑ አንድ። ሰኞ ለት ቴፑን ስንጓተት ክርኑ መጣና... ያው ይኸውልህ። ብረት ያለበት ክንድ ነው፣ እሱም ፈልጎ አይደለም።»

«ከዚያስ?»

«ከሰስኩት። ማክሰኞ ለራሴ አፈርኩ። ረቡዕ ረፋድ ሄጄ ክሴን አነሳሁ።»

ሙሐዲን እስክሪብቶውን አቆመ። «ማክሰኞ በዋስ ተለቋል ይላል መዝገቡ።»

«መዝገቡ እንደፈለገው ይበል። ረቡዕ በማረፊያ ቤቱ በር ቀዳዳ አውርቼዋለሁ። 'ጥርስ አስተክልልሃለሁ፣ ከዚያ ግን መንዙማ ነው የምንሰማው' አለኝ። በሩን መሃል አድርገን ተሳሳቅን። ኮማንደሩን ፍታልኝ ስለው 'ዛሬ ጥድፊያ ነው፣ ነገ ና' አለኝ። ማታውኑ እናቴን በባጃጅ ይዤ ባቲ ገባሁ። ታጣቂዎቹ እስኪወጡ እዚያው የተፈናቃይ መጠለያ ቆይቻለሁ፤ ደውለህ ጠይቅ።»

ሙሐዲን ደወለ። የኑርዬና የእናቱ ስም በመጠለያው ዝርዝር ላይ ከዚያው ከረቡዕ ምሽት ጀምሮ አለ።

«ይህን ለሀጀራ ለምን አልነገርካትም?»

«ከኔ በኋላ ፈተውታል ብዬ! ፖሊስ 'ለቅቄዋለሁ' ሲል፣ የለም አለቀቅከውም የሚል ባጃጅ ነጂ የት አይተሃል?» ኑርዬ ፊቱን አዞረ። «ከዚያ ወዲያ ቴፑን ከፍቼው አላውቅም። ተሳፋሪ ሁሉ ይሰድበኛል።»

*

የተጠርጣሪዎች መዝገብ ደብረ ብርሃን ደርሶ የመጣ ነው፤ ጠርዙ ላይ የዝናብ እድፍ አለበት። ሙሐዲን ጥቅምትን ገለጠ። «ሀሚዱ፣ ጥቅምት 16 ቀን በዋስ ተለቀቀ።» የዋሱ ስም የማይነበብ ፊርማ ነው።

«የሺ፣ እስኪ ይህን ወደ ብርሃን ይዘሽ እይው።»

ሳጅኗ መዝገቡን መስኮቱ ጋ ወሰደችው። ገጹን አየች፣ ከፊቱ ያለውን አየች፣ ከኋላው ያለውን አየች። ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ጫረች። አረንጓዴ መስመር ወጣ።

«ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይቺ መስመር ብቻ አረንጓዴ። እነዚህ እስክሪብቶዎች በግንቦት ከሥልጠናው ነው የመጡት።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ በጥቅምት የተለቀቀ ሰው በግንቦት ነው የተጻፈለት።» ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ ካርቶኑ ኮማንደሩ ቢሮ ነው ያለው። ለኛ አንድ አንድ ነው የሰጡን፣ እሱም ከሰኔ ወዲህ።»

የሥነ ምግባር ሥልጠናው እስክሪብቶ የጻፈው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር ማለት ነው።

ኮማንደሩ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። «ምን ላይ ደረሳችሁ?»

«ገና ነን።»

«ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ። ቤተሰቧን ማጽናናት እንጂ ቁስል መነካካት ተጎጂ ተኮር አይደለም። የጦርነት ጉዳይ ብላችሁ ዝጉት፤ ለሷም እፎይታ ነው።»

ሙሐዲን በጠረጴዛው ላይ የከፈኑን ጨርቆች እንደገና እየቆጠረ ነበር። ሽርጥ የሆነ አንድ፣ ቀሚስ የሆነ አንድ፣ መጠቅለያ ሁለት፣ ሻሽ አንድ። አምስት። ወንድ በሦስት ነው የሚከፈነው። አምስቱ የሴት ነው፤ ሻሹም የሴት ነው። የቀበሩት ሰዎች ወንድ መሆኑን ሳያዩ አይቀሩም። ግን ከፋኙ ዕድሜውን ሙሉ የከፈነው ሴት ብቻ ከሆነ...

ጨፌ በር ላይ የሴት ጀናዛ አጣቢና ከፋኝ አንድ ናት። ቤቷም ከጣቢያው ጓሮ ጀርባ ነው።

*

እማማ ዙሌይካ ሻሹን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። «የኔ ነው» አሉ፣ ያዋሰውን ወንፊት እንደሚቀበል ሰው። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«እማማ፣ አምስት አደረጉት» አላቸው ሙሐዲን።

«አውቃለሁ። አፈር ካለበስነው በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ለወንድ ሦስት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አርባ ዓመት ሙሉ ሴት ስከፍን እጄ የለመደውን ሠራ። አእምሮዬማ የት ነበር።»

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ተቀመጡ። ሙሐዲን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እናንተ በሄዳችሁ ለት ሰፈሩ ባዶ ሆነ። እግሬ አይሄድም፣ ቀረሁ። ሁለት አሮጊቶችም ቀሩ። ወዲያው ከጣቢያው ይንኳኳ ጀመር። ድው፣ ድው። ታጣቂዎቹ ገብተው የሚሰባብሩ መሰለን። ቤታችንን ዘግተን ዱዓ ያዝን። አርብ ይንኳኳል። ቅዳሜ ይንኳኳል። ቅዳሜ ከሰዓት አንዷ 'ውሃ የሚል ሰምቻለሁ' አለች። 'ጂን ነው፣ ዝም በይ' አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት ልጄ፣ እኔ። እሁድ ጠዋት ዝም አለ። ዝም ሲል ነው የፈራሁት።»

«ገባችሁ?»

«የማረፊያ ቤቱ ጓጉንቸር የሰው ክንድ የሚያህል ነው። ሦስት አሮጊት በመጥረቢያ እስከ ቀትር ቀጠቀጥነው። ገላው ገና አልበረደም። ባዕድ ወንድ ነው፤ ወንድ የለ፣ ማን ይጠበው? ስለዚህ በጨርቅ እጃችንን ሸፍነን ተየሙም አደረግንለት። ውሃ ሲል የሞተን ሰው በአፈር አበስነው። ሐይቁ ይኸው እዚህ ተንጣሎ።»

ሙሐዲን የሚጽፍበት ወረቀት ጉልበቱ ላይ ነበር። እስከ «ተየሙም» ድረስ ጽፏል።

«ለምን አልተናገሩም እማማ?»

«እንዴት አልተናገርኩም? በተመለሳችሁ በሳምንቱ ሄጄ ለአዛዡ ነገርኩት። በር ላይ አቁሞኝ፣ 'ባዕድ ወንድ ነክተሽ፣ ያለፈቃድ ቀብረሽ፣ ማስረጃ አጥፍተሽ፣ አሁን ገዳይ አንቺ አይደለሽም ብሎ የሚያምን ማን ነው?' አለኝ። ከዚያ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ 'እኔ እይዝልሻለሁ' አለ። ያዘልኝ። ይኸው ስምንት ወር ያዘልኝ።» ሻሹን አጣጥፈው መለሱለት። «ዝም ባልኩ ቁጥር ማታ ማታ በሬ ይንኳኳል። ማንም የለም። ያንተስ በር አይንኳኳም?»

«የኔ በር አይደለም» አለ ሙሐዲን።

*

ወደ ጣቢያው ሲመለስ ግቢው ውስጥ ቆመ። የጥቅምቱ መኪና ኋላውን ለበሩ ሰጥቶ የቆመበትን ቦታ ፈልጎ አገኘ። ዘይት ያንጠባጠበበት ጥቁር ነጠብጣብ አሁንም አለ። እንደዚያን ቀን፣ ወንበር እንደተሸከመ ሰው፣ ፊቱን ወደ መኪናው አድርጎ ቆመ።

አስፋልቱ በግራው ነው። ሕዝቡ፣ ጩኸቱ፣ «እኔንስ ለማን ትታችሁ» የሚለው ሁሉ በግራው ነበር።

በቀኙ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው የማረፊያ ቤቱ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ውጫሌ ለመስክ ሥራ ሄዶ ነበርና ሰው መታሰሩን አያውቅም ነበር። ግን ሰምቷል። ሰማያዊውን ወንበር አንስቶ ሲያቀብል በቀኝ ጆሮው «እኔስ?» የሚል ሰምቶ፣ ዞር እንኳ ብሎ፣ ግድግዳ ብቻ አየ። ከዚያ ኮማንደሩ ከጋቢናው «ሁሉም ወጣ?» ሲል የንብረት ዝርዝሩን አይቶ መለሰ። ዝርዝሩ አሁንም ፋይል ውስጥ አለ፤ ጠመንጃ አሥራ አራት፣ ጠረጴዛ ሦስት፣ ማንቆርቆሪያ አንድ፣ ወንበር ስድስት። ከሥሩ የራሱ ፊርማ። የመለሰው ቃል «ሁሉም ወጥቷል ጌታዬ» የሚል ነበር። ኮማንደሩ አንድም ንብረት ሳይጎድል ስላስወጣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

*

በነጋታው ሀጀራን አስጠራት። ወንበሩን አላቀረበላትም። እሱም ቆመ።

«ጥቅምት ሃያ አንድ» አላት። «እሁድ፣ ጠዋት።» ከዚያ የቀረውን ሁሉ ነገራት። ቁልፉን፣ በሩን፣ ሦስቱን አሮጊቶች፣ አፈሩን።

ሀጀራ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አውራ ጣቷ የሌሎቹን አንጓ እየነካ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ቆጠረች።

«ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው» አለች። «ሸይኹን ጠይቄ አውቃለሁ። የካቲት ሲያልቅ አልቋል ማለት ነው።»

«ይመስለኛል።»

«የኔ ሐዘን እኔ ሳልገባበት አለቀ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በጥር የእህቴ ሠርግ ነበር። ሒና ተቀባሁ። 'ድንገት ቢመጣ ፊትሽን ጨፍግገሽ አይይሽ' አሉኝ። ቀይ ለበስኩ። ባሌ ከዚህ ጓሮ ተቀብሮ እኔ ቀይ ለብሼ እስክስታ መታሁ።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ጻፍ። ባሌን ቆልፈውበት ሄዱ ስትል፣ ሐዘኔንም ሰረቁኝ ብለህ ጻፍ።»

ሙሐዲን ጻፈ።

«አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም? ያን ሁሉ ሲጮህ?»

ከውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ቴፑ አልተከፈተም።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አላት። «ወንበር ስጭን።»

ሀጀራ ለስምንት ወር ሰኞ ሰኞ «አብሽሪ» ያላትን አፍ አየችው።

«በል እሱንም ጻፈው» አለችና ወጣች።

*

ሪፖርቱ በኮማንደሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለበላይ ሄደ። በሁለተኛው ቀን የመርማሪዎቹ መኪና ከደሴ ተነስታለች የሚል ስልክ ተደወለ። ኮማንደር ሰዓድ የሪፖርቱን ግልባጭ ይዞ ወደ ሙሐዲን ቢሮ ገባ። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ በብብቱ ይዞታል፤ ለምን እንዳወረደው ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

«ደሴ ስንደርስ ነው ቁልፉን ኪሴ ውስጥ የዳሰስኩት» አለ። «ወላሂ ደሴ ላይ ነው። ስልክ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል። ምን ላድርግ? ቀሪውን ታውቀዋለህ። ከዚያ ወዲያ ያደረግኩት ሁሉ... እሺ፣ የኔ ነው።»

ሙሐዲን ቀበቶውን እየፈታ ነበር። ሽጉጡን ከነማህደሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኮማንደሩ ግልባጩን አነሳ። «ይህ ግን ምንድነው? 'ሁለተኛ ተጠርጣሪ፣ ኢንስፔክተር ሙሐዲን፤ ከማረፊያ ቤቱ የሰው ድምፅ ሰምቶ ሳያጣራ ሁሉም ወጥቷል ብሎ የፈረመ።' አንተ መስክ ነበርክ! ሰው መታሰሩን አታውቅም! ድምፅ ሰማህ አልሰማህ ማን ይመሰክራል? አሮጊቷ ስላንተ አላወራች፣ ሳጅኗ አታውቅ። በዚህ ዓለም ላይ ካንተ ጆሮ በቀር ማስረጃ የለውም።»

ሙሐዲን መለዮውን ከሽጉጡ ጎን አኖረ።

«ይህችን መስመር ብታወጣት እኮ ለኔም ይቀልልኝ ነበር። አንድ ሰው የረሳው ሌላ፣ ሁለት ሰው የተወው ሌላ። ወይስ ለሷ ብለህ ነው? ማሪኝ ለማለት?»

ሙሐዲን የቢሮውን ቁልፍ ከመለዮው አጠገብ አስቀመጠ።

«የሥራ ዘመንህን፣ ልጆችህን፣ ሁሉን ጥለህ ማንም ያልጠየቀህን ነገር ትጽፋለህ? አለቃህ ነኝ፣ እስካሁን አለቃህ ነኝ። አብራራልኝ።»

መኪናዋ ግቢ ገብታ ስትቆም ተሰማ፣ ዘይት ከጠቆረበት ቦታ ላይ። የሺሀረግ በረንዳው ላይ ተጠርጣሪ የሚቀመጥበትን የእንጨት አግዳሚ ልትወለውል ስታጎነብስ ሙሐዲን «ተዪው» አላትና፣ ሄዶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ ጆሮውን ለማረፊያ ቤቱ ግድግዳ ሰጥቶ።

«ሙሐዲን! አብራራ እኮ ነው የምልህ!»

«አላብራራም» አለ ሙሐዲን።